አሮጌ የገጠር ቤትና ጓሮው፦ ከዝናብ እስከ ዝናብ ያለው ሥራ

አሮጌ ቤት የተረከበ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አረሙ ላይ ነው፤ ወዲያው ዶማ ያነሣል። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ አይደለም። ቤቱን የሚያፈርሰውም ጓሮውን የሚያለማውም ያው አንድ ውሃ ነው፤ ከጣራ ወርዶ ግቢውን አቋርጦ የሚሄደው የዝናብ ውሃ። ይህ ውሃ ከግድግዳው ርቆ ወደ አትክልቱ መደብ እንዲሄድ ከተደረገ ከባዱ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። ካልተደረገ ልስኑ በየዓመቱ ይረግፋል፤ ጓሮውም በዝናብ ወራት ይጨቀያል፣ በደረቁ ወራት ይሰነጠቃል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ የተደረደረው ውሃውን ተከትሎ ነው፤ ዝናብ ሳይገባ ይጀምርና ደረቁ ወራት ሲያልቁ ያበቃል።

ዝናቡ ሳይገባ፦ ጣራ፣ አሸንዳ፣ የግድግዳ ሥር

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። የግድግዳውን ሥር አስተካክሎ ጣራውን ለሌላ ጊዜ መተው ድካም ብቻ ነው።

1. ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት ኮርኒሱ ላይ ወጥተው መብራቱን ያጥፉ። ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል፤ አጠገቡ ባለው እንጨት ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ኮርኒስ ላይ የሚታየው እድፍ የቀዳዳውን ቦታ አያሳይም። ውሃው ወራጁን ተከትሎ ወርዶ ሌላ ቦታ ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው የሚገኘው ከእድፉ ከፍ ብሎ ነው።

2. አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር አጽድተው ከፍ ካለው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱ። በየሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ማለቱ ይበቃዋል። ውሃው መሐል ላይ ከቆመ ችግሩ ያለው ማንጠልጠያው ላይ ነው፤ ቆርቆሮውን ከማጣመም ማንጠልጠያውን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

3. አሁን ወደ ግድግዳው ሥር ይውረዱ። ቤቱ ባረጀ ቁጥር በዙሪያው ያለው አፈር ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ጠጠር ይደፋበታል፣ አበባ ይተከልበታል። መጨረሻ ላይ የውጪው አፈር ከውስጡ ወለል ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው እርጥበት መምጠጡ የማይቀር ነው። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ይጥረጉት። በግድግዳው ርዝመት አንድ ሜትር ያህል ብቻ እየቆፈሩ ወደሚቀጥለው ይለፉ። የመሠረቱ የታችኛው ጫፍ ብቅ ካለ እዚያው ያቁሙ፤ አሮጌ መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፣ ሥሩ ሲቦረቦር ግድግዳው ይሰነጠቃል።

4. የተስተካከለው መሬት ከግድግዳው ወደ ውጪ እያዘነበለ ይሂድ። ቢያንስ እስከ 2 ሜትር ድረስ በየሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ይውረድ። በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ቀጥ ያለ ጣውላ ያጋድሙና ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። አረፋው መሐል ላይ ሲሆን በጣውላው ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ይለኩ።

5. ተዳፋቱ ባለቀበት ቦታ፣ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ቦይ ይቅደዱ። ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን ለብዙ ግቢ ይበቃል። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይውረድ። ከዚህ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፤ በጣም ከበለጠ ውሃው ቦዩን ይሸረሽረዋል። መሬቱ በተፈጥሮው ቁልቁል ከሆነ በየ3 ሜትሩ አንድ ረድፍ ድንጋይ አጋድሞ የውሃውን ጉልበት መስበር ነው። የቦዩ መጨረሻ ጓሮው ውስጥ ይሁን እንጂ የጎረቤት አጥር ሥር አይሁን።

አትክልት ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። መደቡን ባጠጡ ቁጥር መሠረቱንም ያጠጣሉና። ግድግዳው የሚላላጥ አሮጌ የዘይት ቀለም ካለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። እርሳስ የተባለው ብረት በቤት ቀለም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጨመር ቆይቷል፤ አሜሪካ እንኳ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የረገፈው ቀለም አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከዓመት ዓመትም አይጠፋም። እንዲህ ካለ ግድግዳ አጠገብ ቅጠላ ቅጠልና ሥራሥር አይዝሩ፣ ሕፃናትም አፈሩን እንዳይጫወቱበት ያድርጉ፤ ቀለሙንም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ። አፈሩን በላቦራቶሪ ማስመርመር ከተቻለ ጥርጣሬው ይነሣል።

የጣራውን ውሃ መያዝ

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ይሰጣል። ስፋቱ የሚለካው ጣራው በሚሸፍነው መሬት ነው፤ የጣራው ዘንበል ማለት አይቆጠርም። 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣራ በ20 ሚሊሜትር ዝናብ 1200 ሊትር ያወርዳል፤ የሚረጨውና የሚተነው ሲቀነስ 1000 ሊትር ያህል እጅ ላይ ይቀራል። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል በዚህ ጣራ በጥቂት ደቂቃ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ከበርሜሉ መጠን በፊት የሚታሰበው ትርፉ የሚወጣበት መንገድ ነው። ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ከሚገባበት ቱቦ መጥበብ የለበትም፤ ጫፉም ቦዩ ውስጥ ይግባ። ይህ ሲረሳ ግድግዳው ከበርሜል በፊት ከነበረው የባሰ ይርሳል።

የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለስላሳ አፈር ላይ አይቆምም። መሬቱን ጠቅጥቀው 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ መደላድል ይሥሩለት፤ የውሃ ማጠጫው ከበርሜሉ ቧንቧ ሥር መግባት አለበት። ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ይወርዳል፤ ለ60 ካሬ ሜትር ጣራ የመጀመሪያዎቹን ከ30 እስከ 60 ሊትር ወደ ውጪ ይልቀቁ። የበርሜሉን አፍ በደቃቅ ወንፊት ይክደኑት፤ በሞቃት አየር ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ጣራው አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን ከሆነ አይቦርሹት፣ አይብሱት፣ አይቁረጡት፤ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነው። የእንዲህ ያለ ጣራ ውሃ ለመጠጥ አይቀዳም።

መደቡን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ አፈሩ ውሃ እንዴት እንደሚያሳልፍ ይወቁ። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉና ሙሉ በሙሉ ይስረግ። ከዚያ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት ሴንቲሜትር እንደሚወርድ ይለኩ። የመጀመሪያው ሙሊት ደረቁን አፈር ለማርካት ስለሚውል መለኪያ አይሆንም። በሰዓት ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ከወረደ ማንኛውም አትክልት ይሆናል። ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ የግድ ነው፤ አለዚያ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እንደ አሸዋ ወዲያው የሚሰርግ ከሆነ ደግሞ መደቡን ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሥራት ውሃውን ያቆየዋል።

የመደቡ ወርድ 1 ሜትር ከ20፣ መተላለፊያው ከ45 እስከ 50 ሴንቲሜትር ይሁን። ወርዱ የሚወሰነው በክንድ ነው፤ ከሁለቱም ወገን መሐሉ ድረስ እጅ መድረስ አለበት። መደቡ ላይ አንዴ እግር ከገባ የተለፋበት አፈር ይጠቀጠቃል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መደቡ ተዳፋቱን አግድም ያቋርጥ፤ ወደ ቁልቁለቱ የተዘረጋ መደብ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ላይ አፈሩን ያጣል።

በአሮጌ ግቢ የሚቆፈር አፈር ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና የሽቦ ቁራጭ አያጣም። ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ ከተቻለ ላይኛውን 20 ሴንቲሜትር አፈር በ2 ሴንቲሜትር ወንፊት ያሳልፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው።

ጭቃ የሆነ አፈር አይቆፈርም። እፍኝ አፈር ጨምቀው በአውራ ጣት ይጫኑት፦ ከፈረሰ ይቆፍሩ፤ ከተለጠጠና ካንጸባረቀ ይጠብቁ። እርጥብ የሸክላ አፈር ሲገለበጥ ደርቆ ጡብ ይሆናል፤ ያን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ብስባሽ

ክምሩ ከ1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ያነሰውም ይበሰብሳል፣ ግን አይግልም፣ የአረም ዘርም አይገድልም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ከታች 15 ሴንቲሜትር ያህል ጭራሮ ይነጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር (ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን)፣ በላዩ አንድ ባልዲ እርጥብ ነገር (ለጋ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግ) እያፈራረቁ ይቆልሉ። እያንዳንዱን ንብር ውሃ ይርጩበት። ከመሐሉ እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው።

በጥቂት ቀናት ውስጥ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ የብረት ዘንግ መሐሉ ድረስ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀሉት፤ በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሥራውን ጀምሯል። ሙቀቱ ሲወርድ የውጪውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጪ አድርገው ያገላብጡት። የሚገላበጥ ክምር ከ3 እስከ 4 ወር፣ የተተወ ክምር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል።

አሞኒያ ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ይጨምሩ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ያገላብጡትና ከዝናብ ይከልሉት። ሽታም ሙቀትም ከሌለው ወይ ደርቋል ወይ ለጋ ነገር አንሶታል። ሥጋ፣ ቅባት ያለው ምግብ፣ የውሻና የድመት ኩስ አይገባበትም።

ጥሬ ፍግ ለብቻው መደብ ላይ ከተደፋ አፈሩን የሚነካ ሰብል እስኪለቀም ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፍግ ሌላም አደጋ አለው፤ ከብቶቹ የበሉት ሣር በአንዳንድ የአረም መድኃኒት ተረጭቶ ከነበረ መድኃኒቱ በሆዳቸው አልፎ ፍጉ ውስጥ ይኖራል። ይህን ለማወቅ ሦስት ቆርቆሮ ላይ ከፍጉ ጋር በተደባለቀ አፈር፣ ሌሎች ሦስት ላይ በንጹሕ አፈር ቦሎቄ ይዝሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍግ ባለበት አፈር የበቀሉት ቅጠሎች ብቻ ከተጠቀለሉና ከተጣመሙ ያ ፍግ አይሆንም።

የተዘጋጀውን ብስባሽ 3 ሴንቲሜትር ያህል አልብሰው ከላይኛው አፈር ጋር በመኮትኮቻ ያደባልቁ። 1 ሜትር ከ20 በ5 ሜትር ለሆነ መደብ 180 ሊትር ያስፈልጋል። ጥልቅ ቁፋሮ የሚወዱ አሉ፤ ያልተጠቀጠቀ አፈር ግን ያን ያህል ድካም አያስፈልገውም።

ዝናብ ሲይዝ፦ ዘርና ችግኝ

ከቤቱ ጋር የተገኘ የዘር ቆርቆሮ ወዲያው አይጣልም፣ በጭፍንም አይዘራም። 10 ፍሬ በረጠበ ወረቀት ጠቅለው ላስቲክ ውስጥ ሙቀት ባለበት ያስቀምጡ። 8 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ከሆነ አብዝተው ይዝሩ፤ ከ5 ካነሰ ይተዉት። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ አይታመንም። ካሮትና ቦሎቄ 3 ዓመት፣ ቲማቲም 4 ወይም 5 ዓመት በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያሉ።

የመዝሪያው ጥልቀት የዘሩ ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚወድ አፈር አይከመርበትም። ቲማቲም ከመዛወሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ችግኝ ማፍያ ላይ ይቆያሉ። ካሮት ግን ቦታው ላይ ይዘራል፤ ሲዛወር ሥሩ ይጣመማል።

ቡቃያው በአፈሩ ልክ ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ከወደቀ ምክንያቱ እርጥብና አየር በማያገኝ አፈር ውስጥ የሚባዙ ተሕዋስያን ናቸው። የወደቀው አይድንም። የቀረውን ለማትረፍ ጥቅጥቅ ያለውን ያሳሱ፣ ጠዋት ብቻ ያጠጡ፣ ነፋስ ይግባበት። ባለፈው ዓመት ችግኝ የሞተበትን አፈር ደግሞ መጠቀም ችግሩን መጥራት ነው።

ጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ይነጣል። ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመሩ። የሚዛወረው ወደ ማታ ወይም ደመና ባለበት ቀን ነው። ቲማቲም እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቢቀበር ከግንዱ ተጨማሪ ሥር ያወጣል። ሰላጣ ግን አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ርቀታቸው፦ ቲማቲም ከ45 እስከ 60፣ ጥቅል ጎመን ከ40 እስከ 50፣ ሽንኩርት 10 ሴንቲሜትር ያህል። ነጭ ሽንኩርት ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይተከላል።

ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በአንዱ መደብ ላይ ከተተከሉ ሦስት አራት ዓመት ሳያልፍ እዚያው አይመለሱ። ጎመንና ጥቅል ጎመንም እንዲሁ። አራት መደብ ያለው ጓሮ ይህን በቀላሉ ያፈራርቃል፤ የትኛው የት እንደነበረ በር ጀርባ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

የዝናብ ወራት ዋና ጠላት የድንችና የቲማቲም ዋግ ነው። አየሩ ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ከቆየ ይነሣል። ቡናማ ነጠብጣብ፣ በጠዋት ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል። የተያዘውን ነቅለው ከጓሮው ያስወጡ፤ ብስባሹ ውስጥ አይግባ። ድንች ከሆነ ቅጠሉን አጭደው ሁለት ሳምንት ይጠብቁና ከዚያ ይቆፍሩ፤ ወዲያው ከተቆፈረ ከላይ ያለው ሻጋታ ድንቹን ይይዘዋል። መከላከያው ተክሉን ማራራቅ፣ የታችኛውን ቅጠል ማንሣትና ከላይ አለማጠጣት ነው።

ዝናቡ ሲወጣ

የመጨረሻው ጥሩ ዝናብ አፈሩን ባራሰ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መደቡ ጉዝጓዝ (ገለባ ወይም ደረቅ ሣር) ይልበስ። ደረቅ አፈር ላይ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ደረቁን ነው የሚጠብቀው። ውፍረቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል የራቀ ይሁን። ምስጥ ባለበት ቦታ ጉዝጓዙም ሆነ የተቆለለ እንጨት ግድግዳ አይንካ።

የሽንኩርቱ ቅጠል ሲተኛ ውሃ ያቁሙ። ነቅለው ነፋሻ ጥላ ሥር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያድርቁ፤ አንገቱ ሲጨመቅ እርጥበት ከተሰማ ገና ነው። ነጭ ሽንኩርት የታችኛው ሢሶ ቅጠል ሲደርቅ ይነቀላል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይደርቃል። ድንች አይታጠብም፤ ከ10 እስከ 14 ቀን በጨለማ ካደረ በኋላ ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ይገባል። ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ፀሐይ የማያገኘው ጎን ያለው ክፍል ይበቃል። ብርሃን አግኝቶ የአረንጓዴ ቀለም ያወጣና የመረረ ድንች መርዛም ስለሆነ አይበላም። ሽንኩርትና ድንች አንድ ላይ አይቀመጡ፤ ከድንቹ የሚወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበቅለዋል።

ደረቁ ወራት

ውሃ ማጠጣት፦ ለአብዛኛው አትክልት በሳምንት በካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል መነሻ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ማርካት ይሻላል። በየቀኑ የሚረጭ ውሃ ከላይ ስለሚቀር ሥሩም ከላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ሲዘለል ተክሉ ይጠወልጋል። ጣት ወደ አፈሩ ማስገባት ከማንኛውም ሰሌዳ ይበልጣል፤ 10 ሴንቲሜትር ታች እርጥብ ከሆነ ዛሬ አያስፈልገውም። የአትክልት እጣቢ ውሃ ጓሮ ይገባል። ሳሙና ያለበት ውሃ ግን በጥሬው የሚበላ ነገር ላይ አይፈስም፣ ከአንድ ቀን በላይም አይጠራቀምም።

ግድግዳ፦ የግድግዳው ሥራ ወቅቱ ይህ ነው፤ በቅድሚያ ግን የውጪው አፈር ዝቅ ብሎ ግድግዳው በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ልስን የሚቆየው እስከሚቀጥለው ዝናብ ነው። ድሮ በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ አይጠገንም። ሲሚንቶ ከሥሩ ካለው ይልቅ ጠንካራና እርጥበት የማያስተነፍስ በመሆኑ፣ በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ጨው ከኋላው ይቋጥራል፤ በመጨረሻም ልስኑ የግድግዳውን ፊት ይዞ ይወድቃል። ጭቃን በጭቃና በገለባ፣ ኖራን በኖራ ነው የሚጠግኑት።

ለድንጋይ ግድግዳ መገጣጠሚያ፦ የላላውን በእጅ መሮ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያውጡ፤ በማሽን መቁረጥ ድንጋዩን ያቆስላል። በብሩሽ አጽድተው ውሃ ይርጩ። አንድ እጅ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ ከሦስት እጅ ከታጠበ ሻካራ አሸዋ ጋር በስፍር ያደባልቁ፤ ውሃውን ይቆጥቡ። ወደ ውስጥ ጠቅጥቀው ይሙሉ። ትንሽ ሲጠነክር በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ ይምቱት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በረጠበ ጆንያ ይሸፈን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ያስፈልገዋል። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜም አይሠራ። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ይደረግ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

አሮጌ የፍራፍሬ ዛፍ፦ ለዓመታት ያልተገረዘ ዛፍ በአንድ ዓመት አይስተካከልም። ከለምለሙ ክፍል ከሩብ በላይ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ዛፉ ደንግጦ ቀጥ ያሉ ፍሬ አልባ ቀንበጦችን ያወጣል፤ ሥራው በሦስት ዓመት ይከፈል። በመጀመሪያው ዓመት የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ብቻ ይነሣ። ፖምና መሰሎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ሲያርፉ፣ ኮክና ፕሪም ግን ቁስላቸው በሽታ ስለሚቀበል በደረቅ አየር ይገረዛሉ።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ርቀው ከሥር ወደ ላይ ሢሶውን ይጋዙ። ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውጪ ከላይ ወደ ታች ይቁረጡ፤ ክብደቱ ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ያበጠ ቀለበት ውጪ ይቁረጡ። ቀለበቱ ከተቆረጠ ቁስሉ አይዘጋም፤ ረጅም ጉቶ ከቀረም ይበሰብሳል። ቁስሉ ላይ ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲያልፉ መጋዙን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ።

የሥራ ዕቃ እጀታ በተልባ ዘይት ይወለወላል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጪ ዘርግተው ያድርቁት።

ማገዶ፦ ፈልጠው ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ነፋስ በሚያሳልፍ ቦታ ይደርድሩ፤ ከላይ ብቻ ይክደኑ፣ ጎኑን ከሸፈኑት ይሻግታል። ለስላሳ እንጨት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ጠንካራው እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ድምፁ ጥርት ይላል። እርጥብ እንጨት ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚቀጣጠል ጥቁር ዝፍት ይለጥፋል፤ ጭስ ማውጫው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቅዝቃዜው በፊት ይጠረግ።

አመዱ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ግን ፍም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል መጀመሪያ ክዳን ባለው ብረት ውስጥ፣ ከቤት ውጪ፣ ቢያንስ አራት ቀን ይቀመጥ። በዓመት አንዴ በካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ግራም ይበቃል። የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ድንች በሚተከልበት መደብ አይደረግም፤ ድንቹን እከክ ያስይዘዋል። ቀለም የተቀባ ወይም በመድኃኒት የተነከረ እንጨት አመድ ጓሮ አይገባም፤ እንዲህ ያለው እንጨት ምድጃም ባይገባ ይሻላል።